ልጄ የምትንጠለጠልበት ጨርቅ

«ነገ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥዬ ስፖርት ልሠራ ነው» አለችኝ ልጄ።

ወደ ገበያ ልወጣ፣ የምሸጠውን የቦዬ ሥራሥር በጆንያ ተሸክሜ ነበር። መልሼ አወረድኩት።

«ምን ላይ?»

«ጨርቅ ላይ፣ እማዬ። ከጣሪያው ብረት ላይ ታስሮ የሚወርድ ሰፊ ጨርቅ ነው። እሱ ውስጥ ገብተሽ ትወጠሪያለሽ፣ ትገለበጫለሽ። ሲስተር ናት የነገረችኝ። እሷም ትሠራለች።»

ይህን ያህል ቃል ከልጄ አፍ ከሰማሁ ወራት አልፎ ነበር። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ግን ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ የያዘው ጣሪያውንና መንጠልጠሉን ብቻ ነው። ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ምንም። ወገቤን ነው» አልኳት።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ልናገር። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ተፈትና አላለፈችም። ያን ጊዜ ያላለፈው ብዙ ነው፤ በሰፈራችን ያለፈ ልጅ ተፈልጎም አይገኝም። ስለዚህ አጽናናናትና እንደገና ተዘጋጀች። ሁለተኛውም ውጤት እንደ መጀመሪያው ሆነ። ስልኳን አልጋው ላይ ደፍታ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ እኔም አብሬ አልቅሼ ይወጣልን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መናገር ተወች። ምግብ ሳቀርብላት «እሺ» ትላለች፣ ትሪው እንዳለ ይመለሳል። ጸጉሯን መሠራት ተወች። ገበያ ውዬ ስመለስ ጠዋት በተውኳት ጎኗ ላይ ተኝታ አገኛታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥታ ደህናውን ጫማዋን ለአክስቷ ልጅ ሰጠች። ቆየት ብላ ሹራቧን። ከዚያ ያችን ማንም እንዳይነካባት የምትቆጣላትን ቦርሳዋን ለጎረቤት ልጅ። «ምነው ልጄ፣ ለራስሽስ?» ስላት «እኔ አልፈልገውም» አለችኝ። ሰው በቁሙ ዕቃውን ማደል ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረኝ የለም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሆዴ ግን አወቀው።

አባቷ ገሱባ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጥበቃ ነው፤ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ስነግረው «ሥራ ብትይዝ ይለቃታል። አንቺ ነሽ የምታሞላቅቂያት» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እሱም ፈርቶ ነው። እኔ ልጄን በባጃጅ ጭኜ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ብቻዋን ብዙ አነጋገራት። ከዚያ እሷን ውጪ አስቀምጦ እኔን አስገባኝ። መድኃኒት እንዳዘዘላት፣ መድኃኒቱንም እኔ ዘንድ አስቀምጬ በየቀኑ በእጄ እንድሰጣት ነገረኝ። ብቻዋን እንዳልተዋት፣ ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከቤት እንዳርቅ፣ በየጊዜው ለክትትል እንዳመጣት ነገረኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለ። «ይጠይቋት። ራስሽን ስለማጥፋት ታስቢያለሽ ወይ ብለው፣ በግልጽ።»

«እኔ? እናቷ?»

«እርስዎ፣ እናቷ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ካነሳሁት አላስታውሳትም?»

«መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። ካለ ግን ብቻዋን ከምትሸከመው ይቀላታል።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። በመንገድ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። «ፀሐዩ በረታ» አልኳት። «አዎ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው የጠየቅኳት።

በሚቀጥለው ቀንም ሞከርኩ። ከዚያም በኋላ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ «በላሽ?» ሆኖ ይወጣል።

መጠየቁ ሲያቅተኝ የሐኪሙን ሌላውን ትእዛዝ በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ገበያ ስወጣ የአክስቷን ልጅ አጠገቧ አስውላለሁ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ልክ የለኝም። የጸረ ተባይ መድኃኒት ያለበትን ጠርሙስ አስወገድኩ፤ ይህ ልክ ነበር። የልብስ ማስጫውን ፈታሁ። የቃጫውን ገመድ ሁሉ፣ መቀነቴን፣ ልጆቼን ያዘልኩበትን ጨርቅ፣ የመጋረጃውን ክር ሳይቀር ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ ሻንቶ ወዳለችው እህቴ ቤት ወሰድኩት። እህቴ «ምንድን ነው ይሄ?» ስትለኝ «አይጥ እየበላብኝ ነው» አልኳት።

የላሟንም ገመድ ፈታሁ። እኛ ዘንድ ላም ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ናት የምታድረው፣ በአንድ በኩል ታስራ። ሳትታሰር ያደረች ላም ጠዋት በሩ ሲከፈት የት እንደምትሄድ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። በቀጥታ ጎረቤቴ ጎመን ውስጥ ገባች። በማግስቱም። በሦስተኛውም።

«አንቺ!» አለችኝ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ። «ላምሽ የመንግሥት ሥራ ያዘች እንዴ? በጠዋት ተነሥታ ሰዓቷን ጠብቃ የምትገባው!»

«ገመዷ ተበጥሶ ነው እህቴ፣ ይቅርታ።»

«ሁልጊዜ ተበጥሶ! ልብስሽንም አጥር ላይ ነው የምታሰጪው። ሰፈሩን እኮ ልብስ ተራ አስመሰልሽው። ገመድ ቸግሮሽ ነው? እኔ ጋ ሞልቷል፣ ቆይ ላምጣልሽ።»

«አይ! እንዳታመጪ!» ብዬ ጮህኩ።

ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። «ወይ ጉድ፣ ገመድ እኮ ነው ያልኩሽ፣ እባብ አላልኩሽም» ብላ ገባች። ዞር ስል ልጄ በራችን ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ዓይኗ ባዶውን የልብስ ማስጫ እንጨት፣ ከዚያ ላሟን፣ ከዚያ እኔን አየ። ተመልሳ ገባች።

እንግዲህ «ጨርቅ ላይ ልንጠለጠል ነው» የተባልኩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

ሲስተር የምላት ልጄን የምትከታተለዋ ነርስ ናት። ያን ቀን ገበያውን ትቼ እሷን ፍለጋ ሄድኩ። «ሲስተር፣ ልጄን ለምን?» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም፤ እሷ ግን ገባት።

«ያስፈራዎት ገብቶኛል» አለች። «ግን ይስሙኝ። ልጅዎ ሐሳቧ ብቻ አይደለም የታሰረው። ትከሻዋን አይተውታል? ትንፋሿስ? ከደረቷ አይወርድም። ጨርቁ ክብደቷን ይይዝላታል፣ ጀርባዋ ይፍታታል፣ እጅና እግሯ እንደገና ሥራ ያገኛሉ። ጨርቁ የመድኃኒቱን ቦታ አይወስድም፣ ያግዘዋል። ሐኪሙንም አማክሬዋለሁ። ደግሞ እኔ አጠገቧ ነኝ።»

«ብትወድቅስ?»

«ብትወድቅ ፍራሽ ላይ ነው፣ ያውም ከወገብ ከፍታ። መጥተው ይዩት።»

ሄድኩ። ቦታው ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፣ ግድግዳው አሁንም የበቆሎ ሽታ አለው። ባሏ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ተከራይታ አጽድታዋለች፤ አሰልጣኟም እሷው ናት። በጣሪያው ወፍራም ብረት ላይ ቀለበቶች ተበይደዋል፤ ከቀለበቶቹ ላይ ቀይ ሰፋፊ ጨርቅ እጥፍ ሆኖ እንደ ዥዋዥዌ ይወርዳል። አሰልጣኟ እያንዳንዱን ጨርቅ ራሷ ገብታበት ተወዛውዛ ትፈትናለች፣ ከዚያ ነው ሰው የምታስገባው። ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ሲስተር፣ አንዲት አስተማሪ፣ ባንክ የምትሠራ ወፈር ያለች ሴት። ሁሉም ከሌላ አገር በሥራ የመጡ ናቸው።

እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ልጄ ጨርቁን በወገቧ ሥር አድርጋ ወደ ኋላ ጋደል ስትል፣ እግሮቿን ጨርቁ ላይ ጠምጥማ ቁልቁል ስትዘቀዘቅ፣ የበሩን መቃን ይዤ ጥፍሬ ነጣ። ጸጉሯ ወለሉን ነካ። ባንክ የምትሠራዋ አጠገቧ ተዘቅዝቃ «ወይኔ፣ ምሳዬ ሰላምታ ሊሰጠኝ እየመጣ ነው!» አለች።

«ሳትበሉ ኑ አላልኳችሁም?» አለቻት አሰልጣኟ።

«ሳልበላማ ለምን እኖራለሁ!»

ሴቶቹ ተገልብጠው ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። ግን ደረቷ ሲነሳና ሲወርድ አየሁ፣ እስከ ሆዷ ድረስ። ለአፍታ እኔም ተነፈስኩ።

መጨረሻ ላይ ማረፊያ አላቸው። እያንዳንዷ ጨርቁ ውስጥ በሙሉ ርዝመቷ ትተኛና ጨርቁ ፊቷ ላይ ይገጠማል። ድምፅ ጠፋ። ቀያይ ጥቅሎች ተንጠልጥለው ቀሩ፤ የትኛዋ ልጄ እንደሆነች የማውቀው በቦታዋ ብቻ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ከገሱባ ማዶ መኪና በማይገባበት ነው የኖርነው። በሽተኛ ሲከብድ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ብርድ ልብሱን በቀርከሃ ላይ አንጠልጥለው፣ ወንዶች በትከሻ እየተቀባበሉ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣሉ። ሴቶች ከኋላ እንከተላለን። የምናየው ጥቅሉን ነው። ጥቅሉ ከተንቀሳቀሰ ሩጫው ይቀጥላል። ጥቅሉ ዝም ካለ አንዱ ሰው ገልጦ ያያል፣ ከዚያ ሩጫው ይቆማል። ታላቅ እህቴን እንደዚያ ሸኝቻታለሁ።

የልጄ ጥቅል ዝም አለ። ጠበቅኩ። አልተንቀሳቀሰም። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ጫማዬን ሳላወልቅ በፍራሹ ላይ ሮጬ ጨርቁን በሁለት እጄ በረገድኩት።

ዓይኗ ተከፈተ። እንባ ነበረበት። «እማዬ!» አለች። «ምን ሆነሻል? ውጪ! ውጪልኝ!»

አሰልጣኟ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «እናቴ፣ እንዲህ አይሆንም። ሴቶቹ ደነገጡ። በር ላይ ቆሞ ማየትም ከዛሬ ወዲያ አይቻልም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከፊት ከፊቴ ሄደች። የሚቀጥለው የስፖርት ቀን ሲደርስ አልተነሣችም። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ትሪው እንዳለ ተመለሰ።

«አትሄጂም?» አልኳት።

ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበች።

«እኔ አልመጣም። ቤት እቀራለሁ።»

«ትመጫለሽ» አለች ግድግዳውን እያየች። «አጥሩ ሥር ተደብቀሽም ቢሆን ትመጫለሽ። እንደ ፖሊስ ነው የምትጠብቂኝ። ስተኛ ትጠብቂኛለሽ፣ ሽንት ቤት ስገባ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ደክሞኛል።»

«ፈርቼ ነው ልጄ።»

«ምንን?»

ይኸው፣ እሷ ራሷ በሩን ከፈተችልኝ። ምንን ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን «እንዳትወድቂ» አልኳት።

ከግድግዳው ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁጣ ነበር፣ እኔ ግን ቁጣውን ወደድኩት፤ የሞተ ሰው አይቆጣም። «እንግዲያው አንቺም ግቢና ተንጠልጠይ» አለች። «በር ላይ ቆመሽ ከምትንቀጠቀጪ ውስጥ ገብተሽ ተንቀጥቀጪ። አንቺ ከገባሽ እሄዳለሁ።»

የማልችል መስሏት ነው ያለችው። እኔም የማልችል መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ግን ተነሣች፣ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የት አባቱ!

ከቀሚሴ ሥር የልጄን የትምህርት ቤት ቱታ ሱሪ ለበስኩ። አሰልጣኟ ስታየኝ መጀመሪያ ፊቷ ጨለመ፣ ነገሩን ስትሰማ ግን ሳቀች። ሲስተር ጠያየቀችኝ፤ ግፊት አለብዎት? የዓይን በሽታስ? መቼ በሉ? ግፊቴን ለካችኝ። ደህና ነው ስትል ቅር አለኝ። ግፊት ቢኖርብኝ በክብር እቀር ነበር።

«እናቴ፣ ጨርቁ ላይ እንደ ወንበር ይቀመጡ» አለችኝ አሰልጣኟ።

«ይችለኛል?»

«እኔን ከቻለኝ አይፍሩ!» አለች ባንክ የምትሠራዋ።

ተቀመጥኩ። ጨርቁ ወገቤን ጨምቆ ያዘኝ፣ ያማል። ያን ቀን አሰልጣኟ መገልበጥ ከልክላኝ ወደ ፊት ማጎንበስና ክንዴን መልቀቅ ብቻ ነው ያሠራችኝ። ደረቴን ጨርቁ ላይ ጥዬ እጆቼን ወደ ወለሉ ለቀቅኩ። ጆንያ መሸከም ከጀመርኩ ወዲህ ጀርባዬ ላይ ምንም ያልተጫነበትን ሰዓት አላስታውስም። አጥንቴ አንድ በአንድ ሲላቀቅ ተሰማኝ። ደም ወደ ፊቴ ወረደ። ከአጠገቤ የልጄ እጆች ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ጥፍሮቿ አድገዋል፣ አሳዘኑኝ።

«ይተንፍሱ» አለችኝ አሰልጣኟ።

«እየተነፈስኩ ነው።»

«አልተነፈሱም። ስሰማ ነው የቆየሁት።»

ከዚያ ማረፊያው መጣ። ጨርቁ ውስጥ ጋደም አደረጉኝና ፊቴ ላይ ገጠሙልኝ። ሁሉ ነገር ቀይ ሆነ። የእህቴ ጥቅል ትዝ አለኝ፣ ልወጣ ተፈራገጥኩ። ከጎኔ ካለው ጥቅል የልጄ ድምፅ መጣ፣ በወላይትኛ። «አይዞሽ፣ እማዬ። እዚህ ነኝ። አይወድቅም።»

ፊቷ አይታየኝም። እሷም ፊቴን አታይም። ሌሎቹ ሴቶች ቋንቋችንን አይሰሙም። ስንት ወር ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ቃል፣ ደረቴ በጨርቁ ተይዞ ሲላላ፣ ሳላስበው ወጣ።

«ልትሞቺብኝ ነበር?»

የልጄ ጥቅል ቆመ።

«ነበር» አለች።

ጨርቁን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። እንዳልበረግደው።

«አሁንስ?»

«አንዳንድ ቀን ይመጣል። ይመጣና ይሄዳል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የለም።»

«እባካችሁ ዝም ብለን እንረፍ» አለች አሰልጣኟ ከሩቅ። ሲስተር ግን «ተያቸው» ስትላት ሰማኋት።

«ሲመጣ ትነግሪኛለሽ?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ካልጮኽሽ።»

«አልጮህም።»

«ሰው ሁሉ አትጠሪብኝም?»

«ሐኪሙን እጠራለሁ። ሌላ ሰው አልጠራም።»

«ታለቅሻለሽ።»

«ላለቅስ እችላለሁ። እሱን ቃል አልገባም።»

ጥቅሏ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ማወቅ አልቻልኩም። በርግጄ ልይ ብዬ እጄ ተነሣ፣ መልሼ አወረድኩት። ራሷ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር። «እማዬ» አለችኝ፣ «ሱሪው ላይ የትምህርት ቤቴ ስም ተጽፏል እኮ። የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ልትዪ ነው?»

ለሐኪሙ በሚቀጥለው ክትትል ያለችኝን ነገርኩት፣ እሷ ፊት፣ በፈቃዷ። መድኃኒቱን አስተካከለላት። ጨርቁንም አልተወችም። እኔም አልፎ አልፎ እገባለሁ፤ አሁን እገለበጣለሁ እንኳ፣ ባንክ የምትሠራዋ እየጮኸች ታጨበጭብልኛለች። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ገበያ ላይ ስልኬ በጠራ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ አነሳለሁ፣ ደንበኛዬ የቦዬውን ልትከፍለኝ እጇን ዘርግታ ትቀራለች። ግን በየጠዋቱ እጠይቃታለሁ፣ በዚያው ጨርቁ ውስጥ በወጣው ቃል። «የለም» ትለኛለች፣ እወጣለሁ።

በቀደም ወደ ሻንቶ ገበያ የሚሄደው መኪና ሊያመልጠኝ ሆኖ ሳልጠይቃት በሩን ከፈትኩ።

«እማዬ፣ ዛሬ አትጠይቂኝም?» አለች ከኋላዬ።

ዞርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

«ዛሬስ?» አልኳት።

«ዛሬ ትንሽ አለ።»

አልጮህኩም። መኪናው ሄደ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና «ንገሪኝ» አልኳት።